ከሾላው እስከ ዋንዛው የተዘረጋው ገመድ

«ልጀምር?»
«ጀምር፤ ጆሯችን ደጅ ቆሞ ይጠብቅሃል!»

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት አፍ፣ ዕቃዎችም አንደበት በነበራቸው ጊዜ፣ አንድ ምንጭ ብቻ ያላት አገር ነበረች። እንስሳቱ በየበጋው የውሃ አባት ይመርጣሉ። ምንጩን የሚከፍተው እሱ ነው። የውሃ አባት ከሌለ ጥጃውም ግልገሉም ይጠማል።

አገሪቱ ሦስት ቀበሌ ነበራት፤ ተራራው፣ መሃሉ፣ ሜዳው። ሁሉም በየቀበሌው ገንቦ ጠጠር ይጥላል። ሁለት ቀበሌ ያሸነፈ ይሾማል።

ተራራው ሁልጊዜ ለእመት ፍየል ነው። ሜዳው ሁልጊዜ ለአያ በሬ።

መሃሉ ግን አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ። ያውም በአንዲት ጠጠር!

ሜዳውን ከመሃሉ ወንዝ ይለየዋል። መሃሉን ከተራራው የሚለየው ገመድ ነው። ገመዱ ከሁሉም እንስሳ ፀጉር የተገመደ ነበር፤ በየምርጫው ከሾላው እስከ ዋንዛው ይዘረጋል።

የበሬ ወገን የሆነችው ጦጣ ቅቤ ይዛ መጣች።

«አያ ገመድ፣ ደርቀሃል፤ ላለስልስህ። አንተም ሾላው ጋ ትንሽ ጎንበስ በልና በጎቹን ከመሃሉ ወደ ተራራው አስገባልን። ጠጠራቸው ለፍየል ነው። ተራራው እንደሆነ ድሮም የሷ ነው!»

«እመት ጦጢት፣ ሾላውን ይዤ ዋንዛውን አያለሁ፤ ሌላ አላውቅም።»

ጦጣ ሄዳ ፍም ይዛ ተመለሰች።

«አመድ ላድርግህ?»

«አመድም ብሆን፣ ከሾላው እስከ ዋንዛው በትኚኝ።»

ቀጥሎ የመጣው የፍየል ወገን የሆነው ሽኮኮ ነበር።

«ጎበዝ! ጦጣን አሳፈርክልኝ። በል አሁን ዋንዛው ጋ ጎንበስ በልና አህዮቹን ወደ ተራራው ውሰድልኝ። እነሱ የበሬ ናቸው።»

ገመዱ ሳቀ። «አንተም? ሾላውን ይዤ ዋንዛውን አያለሁ፤ ሌላ አላውቅም።»

በምርጫው ማለዳ ጦጣ ገመዱን ሾላው ጋ ጎተተች። ሽኮኮ ዋንዛው ጋ ጎተተ። አንዱ የሌላውን አላየም። ገመዱ አልታጠፈም።

ጧ!

መሃል ለመሃል ተበጠሰ።

እንስሳቱ ጠጠራቸውን እንደያዙ ቆሙ። «ወሰን በሌለበት ምን ምርጫ አለ?» አለ አንዱ። ግልገሎቹ ደረቁን ቦይ ይልሱ ነበር።

«ቀጥሉኝ» አለ ገመዱ ከመሬት። «ግን በጠራራ ፀሐይ፣ ሁላችሁም እያያችሁ።»

ሁሉም ከጭራው ፀጉር ነጨ። ግን ማን ይቋጥር? ሰኮና አይቋጥርም። ሁሉም ጦጣን አያት።

«ነይ እንጂ እመቤቴ!» አለች አህያ። «ስትጎትቺ እጅሽ መች ሰነፈ?»

ጦጣ አንገቷን ደፍታ ቋጠረች። ገመዱም ከነቋጠሮው ቀጥ ብሎ ተዘረጋ። ጠጠር ተጣለ፤ ተቆጠረ። መሃሉን አያ በሬ አገኘ፤ በአንዲት ጠጠር።

ሽኮኮ ዘለለ። «እመት ፍየል፣ አንዲት ጠጠር ብቻ! ገመዱን በጥሰን እንደገና እንምረጥ!»

ፍየል ልጆቿን አየች። ገመዱንም አየች።

«ተው አያ ሽኮኮ። ቋጠሮው ውስጥ የኔም ፀጉር አለ።»

አያ በሬም ሰማ። ሄዶ ምንጩን ከፈተ፤ መጀመሪያ ወደ ግልገሎቹ።

እኔ ጨረስኩ፤ እናንተ ያዙት፦ የተበጠሰ ገመድ ይቀጠላል፤ የታጠፈ ገመድ ግን ባለቤቱን ይጠልፋል።