ምሰሶ ላይ የተሰቀለው መውጊያ

አንድ ገበሬ ነበረ። የከብት ሕክምና እንዲማር መንደርተኛው ስንቅ ቋጥሮ ወደ ከተማ ላከው። ሲመለስ የተነፋ ከብት ሆድ የሚበሱበት ባለ ቱቦ መውጊያ ይዞ መጣ፤ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎም የቤቱ ምሰሶ ላይ ሰቀለው።

ከዚያ በኋላ ማን ይቻለው? ሰንበቴ ላይም ሆነ ልቅሶ ቤት፣ ስለ ከብት ሆድ መነፋት ሲያስረዳ ምላሱ ጤፍ ይቆላል። ሰዎች ከመደባቸው እየተነሡ ቦታ ይለቁለት ጀመር። ያስተማረው ሰው ሲሸኘው ግን፣ «እጅህ እንዳይረሳ፣ ከብት በታረደ ቁጥር ቆዳው ሳይገፈፍ ተለማመድበት» ብሎት ነበር። በየበዓሉ ቅርጫ ይታረዳል፤ እሱም ይሄዳል፤ መውጊያውን ግን ቤቱ ትቶት ነው። «ባለሙያ የተባለው ገና ይለማመዳል» እንዳይሉት ያፍራል።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የጎረቤቱ በሬ ማገጥ የሚባለውን ሣር ከነጤዛው በልቶ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፋ። ጎረቤቱ ያለው በሬ ያ ብቻ ነው፤ ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር ተቀናጅቶ እያረሰ ነው ልጆቹን የሚያበላው። ገበሬውን ሮጦ ጠራው። ገበሬውም መውጊያውን ይዞ መጣና የሚወጋበትን ቦታ በግራ ጎኑ በኩል በጣቱ አሳየ፤ በቀኝ ለምን እንደማይሆንም አስረዳ። መውጊያውን ግን ቆዳው ላይ ያስጠጋና መልሶ ያነሣዋል።

«ወንድሜ፣ በል ውጋልኝ» አለው ጎረቤቱ።

«ቆይ፣ ቦታውን በደንብ ላግኘው።»

እሱ ቦታውን ሲፈልግ በሬው ተንበርክኮ ወደቀ። በክት ከሚሆን ብለው አረዱት።

ያን ጊዜ ገበሬውን ምን እንደ ነካው እንጃ፣ ጎንበስ ብሎ መውጊያውን በታረደው በሬ ጎን ሰካው። ያለ ችግር ገባ። የታፈነው አየር እያፏጨ ወጣ፤ የተነፋው ሆድም ሰው ሁሉ እያየ ሟሸሸ። ከኋላ አንዱ፣ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለ። ጎረቤቱ አልተሳደበም። የሟሸሸውን ሆድ በእጁ ዳሰሰና፣ «ይኸው ነበር እንዴ?» አለ። ገበሬው ፊቱን የሚያስገባበት አጣ፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ ነበር።

ልጄ የሺመቤት፣ «አባባ፣ የሠለጠንኩትን በሥራ ላይ የማውለው መቼ ነው? እጄ ገና አልጠነከረም» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ታፍኖ የተወለደ ሕፃን የምታስተነፍሺበት መሣሪያ በጤና ጣቢያችሁ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። የመለማመጃው አሻንጉሊትም አብሮት አለ፤ «ሲስተር በአሻንጉሊት ትጫወታለች» እንዳይሉሽ ፈርተሽ አታወጪውም። ገበሬው አንቺ ነሽ። ያንቺ ግን በሬ አይደለም፣ የሰው ልጅ ነው። ነገ ጠዋት አሻንጉሊቱን አውጪና ባልደረቦችሽ እያዩሽ ተሳሳቺ፤ እፈሪም። የእነሱ ሳቅ እስከ ምሳ ነው። እናቲቱ ፊት ያፈርሽ ቀን ግን፣ ልጄ፣ ማን ቀና ያደርግሻል?