የተጠረገው ደጅ

«አንድ ባለጠጋ ነበረ» አሉ ጋሽ ተካልኝ።

ይርጋ የጠየቃቸው ግን ስለ ባለጠጋ አልነበረም። ይርጋ የታክሲ ተራ አስከባሪ ነው፤ ሲጣራ እስከ ማዶው አደባባይ ይሰማ የነበረ ሰው። አሁን ሦስት ወር ሙሉ ድምፁ እንደተቀደደ ስፒከር ሆኗል፤ ምራቅ ሲውጥ ፊቱ ይጨማደዳል። ሐኪም ቤት ሲሄድ የጉሮሮ ካንሰር እንዳይሆን መጣራት አለበት ተባለ። እንዲህ ያለ ቃል ተነግሮት፣ እሱን ያናደደው ሌላ ነገር ነው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ የሐኪም ቤት ድሬሰር ነበሩ፤ እስቲ ይፍረዱኝ። ጉሮሮዬን አመመኝ ስል፣ ምራቅህን እንፈልጋለን አሉኝ። እሺ። ጠዋት ምንም ሳትቀምስ፣ አፍህን ሳትታጠብ ና አሉኝ። እኔ ሰው አይደለሁም እንዴ? በመፋቂያ ፍቄ ፍቄ፣ በአረቄ ተጉመጥምጬ ሄድኩ። ሲስተሯ ገና ስታሸተኝ ‹ተመለስ፣ በሌላ ቀን ሳትታጠብ ና› አትለኝም? በንጹሕ አፍ ሰው ይባረራል? ሁለተኛ እዚያ እግሬ አይረግጥም!»

ጋሽ ተካልኝ ባለጠጋውን ያመጡት ይሄኔ ነው።

«ባለጠጋው ትልቅ ጎተራ ነበረው። የመንደሩ ሰው ሁሉ ለዘር ያሰበውን እህል እዚያ አስቀምጧል። ጎተራው አንዴ ከተሞላና በጭቃ ከተመረገ እስከ ዘር ጊዜ አይከፈትም። በደጁ ላይ ደግሞ ጥቁር ጉንዳኖች ነበሩ፤ የፈሰሰች ፍሬ እየለቀሙ ከጥንት ጀምሮ እዚያው የሚኖሩ። ማንም ከቁም ነገር አይቆጥራቸውም።

«አንድ ሰሞን ጉንዳኖቹ ሳሱ። በምትካቸው ማንም የማያውቃቸው ቡናማ ጥንዚዛዎች መጡ። ጎተራው ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው። ይህን የሰማ አንድ እህል አዋቂ ሽማግሌ ‹ነገ ጠዋት መጥቼ ደጅህን አያለሁ። እስክመጣ ግን እንዳትጠርገው› ብሎ ላከበት።

«ባለጠጋው ሳቀ። ‹እንግዳ ሊመጣ ደጄን ሳላስጠርግ? ሰው ምን ይለኛል?› አለ። ማልዶ አስጠረገ፣ ውሃ አስረጨ፣ ቄጤማ አስጎዘጎዘ። ሽማግሌው ደረሰና ቄጤማውን ሲያይ ራሱን ይዞ ጮኸ።

«‹ምን አደረግህ?›

«‹አሳመርኩልህ!›

«‹የምጠይቃቸውን ምስክሮች በሙሉ ጠርገህብኛል! በል እስኪመለሱ ደጁን ስምንት ቀን ሳትጠርግ ተወው፤ ተመልሼ እመጣለሁ።›

«ባለጠጋው ተቀየመ። የተጠረገ ደጅ የማይወድ ምን ዓይነት እንግዳ ነው ብሎ፣ ሽማግሌው ሁለተኛ እንዳይገባ በሩን ዘጋበት።

«ዝናቡ መጣ። ሰው ሁሉ ስልቻውን ይዞ ተሰበሰበ። ምርጊቱ ሲፈርስ ከላይ ያለው ስንዴ ወርቅ ይመስላል። ባለጠጋው በኩራት እጁን እስከ ክርኑ ሰደደ፤ ወዲያው ጮኾ አወጣው። ይፋጃል! እህሉ እንደ ምድጃ ይፋጃል! ቢዝቁት መሃሉ ጥቁር፣ የተጣበቀ፣ የሚገማ ጭቃ። ሴቶቹ እጃቸውን በአፋቸው ጫኑ። አንድ ገበሬ ባዶ ስልቻውን እንዳቀፈ መሬት ላይ ዝርፍጥ አለ። ሽማግሌው ዳር ቆሞ ‹ያኔ የተበላሸው አንድ ቁና እንኳ አይሞላም ነበር› አለ። ‹እሱን ዝቀን ጥለን ሌላውን እናተርፍ ነበር።›»

 

«እንግዲህ ይርጋ፣ ጎተራው ጉሮሮህ ነው» አሉት ጋሽ ተካልኝ ዞር ብለው። «ደጁ አፍህ ነው። ጉንዳኖቹ ደግሞ አፍህ ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው።»

«ቆይ፣ ቆይ ጋሼ። አፌ ውስጥ ነፍስ ያለው ነገር አለ ነው የሚሉኝ?»

«በሚሊዮን የሚቆጠር።»

«በስመ አብ!» ይርጋ አፉን በመዳፉ ከደነ። «‹ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!› ስል ይሄ ሁሉ አብሮኝ ነበር?»

«አብሮህ ነበር፤ በአብዛኛው ጎጂ አይደለም። ግን ጉሮሮ ውስጥ ክፉ ነገር ሲጀምር አፍ ውስጥ የሚኖሩትም ሊለወጡ ይችላሉ፤ አንዱ ይሳሳል፣ ሌላው ይበዛል። ሐኪሞቹ ገና እያጠኑት ነው፤ ምራቅህን የፈለጉትም ለዚሁ ነው። ጥንዚዛ ታየ ማለት እህሉ በሰበሰ ማለት አይደለም፤ ጎተራውን ክፈቱና እዩ ማለት ነው። ምራቅህ ምንም ይበል ምን፣ ድምፅህ ሦስት ወር ታውኳልና ጉሮሮህን በመሣሪያ ይዩልህ። አንተ ግን ደጅህን ጠርገህ፣ አረቄ ረጭተህበት ሄድክ። አልበቃህ ብሎ ደግሞ አኮረፍክ። የባለጠጋው ጎተራ የሌላ ሰው እህልም ነበረበት፤ ያንተስ ቤት ልጆች የሉም?»

አጠገባቸው ካለው የታክሲ ተራ አንድ ሾፌር «ኧረ ይርጋ! ሰው ጥራልን እንጂ፣ ምላስህን ዋጥከው እንዴ?» ብሎ ጮኸ። ሌሎቹ ሳቁ።

ይርጋ ቀኝ ኪሱን ፈትሾ መፋቂያውን አወጣ። አየው፤ ከዚያ በጋሽ ተካልኝ መዳፍ ላይ አስቀመጠው።

«እስከ ነገ ረፋድ እርስዎ ጋ ይቆይልኝ» አለ፣ በዚያች በተቀደደች ድምፁ።