አያ ጅቦ የገደበው ወንዝ

አንድ ጊዜ እመት አህያ ከአንድ ልጇ ጋር ከፏፏቴ ማዶ ትኖር ነበር። ብልኋ እመት ጦጣ ፏፏቴው ሥር መዘውር ተክላ ነበርና ውሃው መዘውሩን ሲያዞር ኤሌክትሪክ ይወጣል፤ የመንደሩ እንስሳትም ባትሪያቸውን ተሸክመው እየወረዱ በየተራቸው ያስሞላሉ። የአህያ ተራ ሐሙስ ነው። ባትሪው ይከብዳል፤ ለእሷ ግን ሸክም ብርቋ አይደለም። ደጇ ላይ አምፖል እስከበራ ድረስ ጅብ ወደ ውርንጭላዋ ዝር አይልማ!

አያ ጅቦን ነገሩ አንገበገበው። ወረፋ መጠበቅ ሞት ስለሚመስለው ባትሪ የሚባል ነገር ኖሮት አያውቅም። አንድ ዓርብ ጠዋት ቀበሮን አገኛትና፣

«ስሚ እስቲ፣ ያ ክፉ መብራት ከየት ነው የሚመጣው?» አላት።

«ከውሃው ነዋ! ውሃው ከቆመ መዘውሩም ቆመ» አለች ቀበሮ። አልዋሸችም፤ ግማሹን ግን ዋጠችው። እሷ የምታስበው ወንዙ ሲደርቅ ሜዳ ላይ ስለሚቀረው ዓሣ ነበር።

ጅብ ድንጋይ ሲያንከባልል ዋለና ወንዙን ከላይ ገደበው። አመሻሹ ላይ አህያ ውሃ ልትጠጣ ብትወርድ መዘውሩ ቀጥ ብሏል። ወደ እመት ጦጣ ሮጠች።

«እመት ጦጣ፣ ጉድ ሆንኩ! ልጄን ዛሬ ጅብ ሊበላብኝ ነው!»

«ትናንት ያስሞላሽው ባትሪ የት ሄደ?»

«ቤቴ አለ።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? የትናንቱ ውሃ ጉልበት እሱ ውስጥ ተቀምጦልሻል። ግድቡን ነገ አብረን እናፈርሳለን፤ አሁን ሂጂና ልጅሽን ጠብቂ።»

የአህያ ልብ መለስ አለ። ቤቷ ገብታ ልጇን ከኋላዋ አደረገችና፣ አምፖሉን ሳታበራ ደጅ ደጁን ታይ ጀመር። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ጅብ እየተንጎማለለ መጣ።

«እንዴት አመሸሽ፣ እመት አህያ! መብራት የለም አሉ» አላት ምራቁን እየዋጠ።

«ኧረ አለ!» ብላ ማብሪያውን ተጫነችው። ግቢው ቦግ አለ። ጅብ ዓይኑን ሲጨፍን አህያ ዞር ብላ በሁለት እግሯ አቀመሰችው። እየጮኸ ሽቅብ ሲሮጥ ከራሱ ግድብ ጋር ተላተመና ድንጋዩ ተናደ። ውሃውም ጅብን፣ ታች ዓሣ ስትለቅም የነበረችውን ቀበሮንም ከነዓሣዋ ጠራርጎ ሩቅ አገር ጣላቸው።

መዘውሩ እንደገና ሲዞር አህያ ከቤቷ ሆና ሰማችው። ደስ አላት። ልጇን ላስ አድርጋ ጋደም አለች፤ ሐሙስ ሲደርስ ደግሞ ባትሪዋን ጭና ተራዋን ልትጠብቅ ወረደች።

ከዚህ የምንማረው ምንጩን የሚደፍን ምቀኛ በደህናው ቀን ተራውን ጠብቆ የቋጠረን ሰው ቤት ሊያጨልም እንደማይችል ነው።