ባላንጣው ያልመጣበት ትግል

በአንድ ወቅት፣ ሰው ከሰው ርቆ እንዲቆም በአዋጅ በታዘዘበት የወረርሽኝ ዓመት፣ መተቃቀፍ ሥራቸው የሆነ ሰዎች አዳማ ከተማ ውስጥ ይኖሩ ነበር። ሬስሊንግ ያሳያሉ። ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ይወሰናል፤ ተመልካቹም ይህን እያወቀ እንዳላወቀ ሆኖ ይጮኻል። ውጤቱ የተቀናበረ ነው፤ አወዳደቁ ግን የእውነት ነው፤ የወገብ ሕመሙም እንዲሁ።

ቡድኑን ያቋቋሙት ጋሽ አምዴ የሚባሉ የቀድሞ ትግለኛ ናቸው። ፊቱ ላይ ነሐስ የተለበጠ የቆዳ ቀበቶ አላቸው። ቀበቶውን የያዘ ሰው የቡድኑ አለቃ ነው፤ ማን እንደሚያሸንፍና ማን እንደሚወድቅ የሚወስነው እሱ ነው። ጋሽ አምዴ ሳንባቸው ደክሞ ሐኪም ከቤት እንዳይወጡ ባዘዛቸው ጊዜ ቀበቶውን በፋሲካው ትልቅ ትርኢት ለተተኪ ሊያስረክቡ ወሰኑ። «ዘንድሮ ደነቀ ያሸንፋል፤ ቀበቶውም የእሱ ይሆናል» አሉ በስልክ። በዚህ ቡድን ደግሞ ጋሽ አምዴ አንዴ የተናገሩት ውጤት አይለወጥም። የመድረኩ ገመድ ቢበጠስም ዝናብ ቢዘንብም፣ እንዲወድቅ የተነገረው ሰው ይወድቃል።

ደነቀ መድረክ ላይ ‹ክሬኑ› ይባላል፤ ሰው አንስቶ ማዞር ይችልበታል። የሚያዞረውና የሚጥለው ቡሽራን ነው። ቡሽራ የመድረክ ስሙ ‹ማዕበል› ቢሆንም ሥራው መሸነፍ ነው፤ በታገለባቸው ዓመታት ሁሉ ዳኛ እጁን አንስቶለት አያውቅም። ሦስተኛዋ ትርሲት ናት፤ ማይክሮፎን ይዛ ትግሉን ለተመልካቹ የምታስተላልፈው እሷ ናት። ከትግለኞቹ ጋር ግን ተቆጥራ አታውቅም።

መጀመሪያ አዳራሹ ተዘጋ። ቀጥሎ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል ሆነ። ሌሎቹ ትርኢቱ ቀረ ብለው ሲያዝኑ ትርሲት ጋሽ አምዴ ወደሚኖሩበት ኮንዶሚኒየም ሄዳ የነዋሪዎች ኮሚቴውን ሰብሳቢ በር ላይ ቆማ አነጋገረች።

«መድረኩን ግቢው መሃል እንትከለው» አለች። «ሰዉ ከየበረንዳው ሆኖ ይይ። ማንም ከቤቱ አይወጣም።»

«ታች ስንት ትሆናላችሁ?»

«አራት። ሁለቱ ትግለኞች፣ ዳኛውና እኔ።»

«አንቺማ በድምፅሽ ብቻ አምስት ሰው ትሆኛለሽ» አሉ ሰብሳቢው። ፈቀዱ ግን። እሳቸውም ቤት መዋል ሰልችቷቸው ነበር።

በፋሲካ ዕለት የልብስ ማስጫው ገመድ ተፈታ፣ መድረኩ ተተከለ፣ ሰውም ወንበሩን በየበረንዳው አወጣ። ደነቀ ከግቢው በር ውጭ ቆሞ እንደ ልማዱ ትከሻውን በካምፎር ቅባት አሸ። የዚያ ቅባት ሽታ ከሩቅ የሚጣራ ነው፤ እሱን ግን አልሸተተውም። መዳፉን አፍንጫው ላይ ለጠፈ፤ ምንም የለም። ሽታ መጥፋት የበሽታው ምልክት እንደሆነ በሬዲዮ ሲባል ሰንብቷል። ትኩሳት የለውም፣ አያስለውም። ዝም ብሎ ቢገባ የሚያውቅበት አልነበረም። መድረኩ ላይ ለሚጠብቀው ለቡሽራ ደወለ።

«ስማ፣ ቅባቱ አይሸተኝም።»

«ቀበቶ ልትታጠቅ ነው የመጣኸው ወይስ ልታሸት? ግባ ባክህ፣ ሰው እየጠበቀ ነው።»

«አንተን አቅፌ ነው የምጥልህ። አንተ ደግሞ ከዚህ ወጥተህ የምትሄደው እናትህ ጋ ነው።»

ቡሽራ ወደ ግቢው በር ዞረ። «ቀበቶውስ?»

«እኔ እንጃ» አለ ደነቀ፤ ስልኩን ዘግቶም ወደ ቤቱ በእግሩ ሄደ። ለሾፌሩ ብሎ ባጃጅ እንኳ አልተሳፈረም።

ቡሽራ ደነቀ እንደማይመጣ ለዳኛውና ለትርሲት ነገራቸው። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ባላንጣው የቀረበት ሰው አሸናፊ ይባላል። ዳኛው ቀርቦ እጁን ሊያነሳለት ያዘው። ቡሽራ ይህን እጅ ለዓመታት ሲመኘው ኖሯል። ቀና ብሎ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የተቀመጡትን ጋሽ አምዴን አየ።

«ቆይ» ብሎ እጁን አስለቀቀ። «ጋሼ ያሉት እንዲህ አይደለም።»

ወደ ባዶው ጥግ ዞሮ እንደ ወጉ እጅ ነሳ፤ ከዚያም ማንም ከሌለበት ቦታ ጋር ይታገል ጀመር። የአየሩን አንገት አነቀ። አየሩም መልሶ ጣለው። ገመዱ ላይ እየተላተመ፣ ራሱን ወለሉ ላይ እያፈረጠ፣ ክርኑ እስኪላጥ ታገለ። በኋላ አንዲት እናት «ኧረ ሰውዬው ታሟል! አምቡላንስ ጥሩለት!» ብለው ጮኹ።

ይሄኔ ትርሲት ማይክሮፎኑን አነሳች።

«ክሬኑ ከኋላ ያዘው! ክቡራትና ክቡራን፣ ክሬኑ ያልታያችሁ መነጽራችሁን አምጡ!»

ሳቅ ተሰማ። እሷ አላቆመችም። ደነቀ እግሩን የት እንዳሳረፈ፣ በየትኛው ክንዱ እንደጠመዘዘ፣ ላቡ በየት በኩል እንደወረደ ተናገረች። ብዙም ሳይቆይ ልጆቹ «ማዕበል፣ ከኋላህ ነው!» ማለት ጀመሩ። አንድ ጡረተኛ «በቡጢ መታው እኮ! ዳኛ፣ አታይም እንዴ?» ብለው ተቆጡ፤ ጎረቤታቸው ደግሞ ክሬኑ የመታው በመዳፉ ነው ብለው ተከራከሯቸው። በመጨረሻ ቡሽራ ወደ ላይ ተነሳ፣ ማለትም ራሱ ዘለለ፤ በጀርባው ወድቆም ቀረ። ዳኛው ተንበርክኮ ሦስት ቆጠረ። ግቢው በእልልታና በፉጨት ተናጋ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የደነቀ የምርመራ ውጤት መጣ። ነጻ ነው። አፍንጫውን የዘጋው ተራ ጉንፋን ነበር።

ጋሽ አምዴ ቀበቶውን ባልዲ ውስጥ አድርገው ከበረንዳቸው በገመድ ማውረድ ጀመሩ፤ በዚያ ዓመት ርክክብ ማለት ይኸው ነበር። ሦስቱ ታች ተራርቀው ቆመዋል።

«የእኔ ነው» አለ ደነቀ። «ዳኛው ቆጥሯል፣ አሸንፌያለሁ። የቀረሁትም ለእናንተ ብዬ ነው።»

«ጉንፋን ይዞህ እኮ ነው የቀረኸው!» አለ ቡሽራ።

«ያን ዕለት ጉንፋን መሆኑን ማን ነገረኝ?»

«እሺ፣ እኔስ? ዳኛው እጄን ይዞት ነበር። ዝም ብል ኖሮ ቀበቶው ያኔውኑ የእኔ ነበር። ለጋሼ ቃል ብዬ ወደቅሁ፤ ወገቤ እስካሁን አልተቃናም።»

«ወድቀሃል፣ አይተናል» አለች ትርሲት። «እኔ ባልናገር ግን የምትነሳው በቃሬዛ ነበር። መድረኩን እዚህ ያመጣሁት እኔ፣ ደነቀንም በሌለበት ለሰው ያሳየሁት እኔ።»

«ለመሆኑ ታግለሽ ታውቂያለሽ?» አላት ደነቀ።

«አንተስ የፋሲካ ዕለት ታግለሃል?»

ጋሽ አምዴ ከላይ ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ሲበርድላቸው ገመዱን ያዝ አደረጉት። ባልዲው አንደኛ ፎቅ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ዕድሜዬን ሙሉ ማን እንደሚያሸንፍ ስወስን ኖሬያለሁ» አሉ። «ለማን እንደሚገባ ግን አንድም ቀን አስቤ አላውቅም።»

ወደ በረንዳዎቹ ዞረው ጠየቁ። ከፊት ለፊት ሕንጻ የደነቀ ስም ተጠራ፤ ከጎን ካለው የቡሽራ፤ ሴቶቹና ልጆቹ ከየአቅጣጫው ትርሲት አሉ። አንድ ቤት ውስጥ ባልና ሚስት በሐሳብ ተለያዩ፤ እነሱ ምሳም አብረው አልበሉም ይባላል።

የጋሽ አምዴ ክንድ ግን እየዛለ ነው። እስቲ ገመዱን ይቀበሏቸውና እርስዎ ይፍረዱ፤ ባልዲውን ከሦስቱ በማን ፊት ያሳርፉታል?