የትርሲት ያላገባ ወረቀትና አልሰረዝ ያለው ፋይል

የሚያዛጋ ካለ ከወዲሁ ይውጣ፤ ይህ ተረት መሐል ላይ ላንቀላፋ ሰው አይደገምም። እንዲያውም ይደገማል፤ ከመደገም ሌላ ሥራ የለውም።

ትርሲት የምትባል ሙሽራ ነበረች። የፈለገችው አንዲት ወረቀት ብቻ ነው፤ «ትርሲት አላገባችም» የምትል ያላገባ ወረቀት፣ ከወረዳ ጽሕፈት ቤት። ዕለቱ ዓርብ ነው፤ እሑድ ሠርጓ፣ ሰኞ ዓብይ ጾም። ያለ ወረቀቱ የጋብቻ ፊርማ የለም፤ ያለ ፊርማው ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ሊሆን ነው፤ የተጠነሰሰ ጠላ ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ አይጠብቅም።

የመዝገብ ሠራተኛዋ ወይዘሮ አስካለ ስሟን ጽፈው «አትም» የሚለውን ተጫኑ። ፕሪንተሩ አላትምም አለ። ፕሪንተሩ አያትም፣ ትርሲት አታገባ።

ለምን ቢባል፣ አንቲቫይረሱ ቀይ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ሥራውን ሁሉ ይዞ ቆሟል፦ «ከተራገፈ ፕሮግራም የቀረ ፋይል ተገኝቷል።» ፕሮግራሙ የካርታ ጨዋታ ነበር። ማን እንደጫነው የሚያውቅ የለም፤ ማን ሲጫወትበት እንደነበር ግን ሁሉም ያውቃል። ወይዘሮ አስካለ ኃላፊው መጡ ሲባል ደንግጠው አጥፍተውት ቅሪቱ ቀርቷል። ሰባት ወር ሙሉ ማስጠንቀቂያው ብቅ ባለ ቁጥር «በኋላ አስታውሰኝ» ሲሉት ኖሩ፤ እሱም ቃሉን ጠባቂ ነውና ሲያስታውሳቸው ኖረ። ዛሬ ግን «በኋላ» የሚለውን ቁልፍ ይዞ አልመጣም። ፋይሉ ካልጠፋ አልነሳም አለ፤ ፋይሉም ያለ ይለፍ ቃል አልጠፋም አለ። ፋይሉ አይጠፋ፣ ማስጠንቀቂያው አይነሳ፣ ፕሪንተሩ አያትም፣ ትርሲት አታገባ።

የይለፍ ቃሉ የኮምፒዩተር ባለሙያው ኢዩኤል ጋ ነው። ትርሲት ደረጃውን ወጥታ ሰርዝልኝ አለችው። ኢዩኤል አልሰርዝም አለ። በመንግሥት ኮምፒዩተር ላይ ያለ ነገር ሁሉ የመንግሥት ንብረት ነው፤ ንብረት ደግሞ ያለ አስወጋጅ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ አይወገድም፤ አምና አንድ እግሩ የተሰበረ ወንበር አውጥቶ ቢጥል ደብዳቤ ተጽፎበታል። ኢዩኤል አይሰርዝ፣ ፋይሉ አይጠፋ፣ ማስጠንቀቂያው አይነሳ፣ ፕሪንተሩ አያትም፣ ትርሲት አታገባ።

ወደ ኮሚቴው ሄደች። ከሦስቱ አባላት ሁለቱ ተገኝተው ፋይሉ ቋሚ ዕቃ ነው ወይስ አላቂ ዕቃ በሚለው ላይ አንድ ሰዓት ተከራከሩ። ሰባት ወር ሙሉ ስላላለቀ ቋሚ ነው ተባለ፤ ቋሚ ዕቃን ለማስወገድ ደግሞ የሦስተኛው አባል ፊርማ ግድ ነው። ኮሚቴው አይወስን፣ ኢዩኤል አይሰርዝ፣ ፋይሉ አይጠፋ፣ ማስጠንቀቂያው አይነሳ፣ ፕሪንተሩ አያትም፣ ትርሲት አታገባ።

ሦስተኛው አባል የግምጃ ቤቱ ሹም አቶ ዘውገ ናቸው፤ የትርሲት ቤተሰብ የዱሮ ጎረቤት። ከወረቀት ቁልል ኋላ ተቀምጠው ቀና ሳይሉ አልፈርምም አሉ። ምክንያቱን ብትጠይቃቸው ሥራ በዛብኝ አሉ፤ ጠረጴዛቸው ላይ ግን የተከፈተ ነገር አልነበረም። አቶ ዘውገ አይፈርሙ፣ ኮሚቴው አይወስን፣ ኢዩኤል አይሰርዝ፣ ፋይሉ አይጠፋ፣ ማስጠንቀቂያው አይነሳ፣ ፕሪንተሩ አያትም፣ ትርሲት አታገባ።

ትርሲት ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ እግሯም ተስፋዋም ደክሞ ነበር። ምን አጠፋሁ አለቻቸው።

«ለበር ጥበቃው የሠርግ ካርድ ደርሶታል» አሉ አቶ ዘውገ። «ያባትሽን የለቅሶ ድንኳን የተከልኩት ሰውዬ ግን አልደረሰኝም። እንግዲህ የማልታወቅ ሰው ምን ብዬ ልፈርም?»

ትርሲት አፈረች፤ እንባዋ መጣ። የእሳቸውን ካርድ ታላቅ እህቷ ታደርሳለች ብላ እሷ ትታው፣ እህቷም እሷ ታደርሳለች ብላ ትታው ነበር። ከቦርሳዋ ካርድ አወጣች፤ «ለጋሼ ዘውገ፣ ከነቤተሰብዎ» ብላ ጻፈችበት፤ ከወንበሯ ተነስታም በሁለት እጇ ሰጠቻቸው።

አቶ ዘውገ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። «አባትሽ ቢኖር እኔን ነበር አጠገቡ የሚያስቀምጠኝ» አሉ። «በይ፣ ያንን ብዕር አቀብይኝ።»

አቶ ዘውገ ፈረሙ፣ ኮሚቴው ወሰነ፣ ኢዩኤል ሰረዘ፣ ፋይሉ ጠፋ፣ ማስጠንቀቂያው ተነሳ፣ ፕሪንተሩ አተመ። ወይዘሮ አስካለ ወረቀቱ ሳይበርድ ማህተም መቱበት።

«ስድስት ወር ያገለግልሻል» አሏት።

«ሁለት ቀን ይበቃኛል፣ እትዬ አስካለ» አለችና ወጣች።