ሙታን የሰሙት ኑዛዜ

ተረት ተረት!

የምሽት መብራት!

ጠጋ ጠጋ በሉ። አንቺ በር ዳር ያለሽው፣ ነይ ወደ እኔ። የዛሬው ተረት በር ዳር ተቀምጠው የሚሰሙት አይደለም።

በድሮ ዘመን፣ ከአንድ ተራራ ሥር፣ ወንድምና እህት በአባታቸው ግቢ ይጣሉ ነበር። ጠቡ የተነሣው ከብቶቹ ሳይሰማሩ ነው። አሁን ከብቶቹ ተመልሰው ገብተዋል፤ እነሱ ግን አልበረዱም።

ወንድምየው አጥናፉ እንዲህ አለ፦ «አባባ ይናዘዙ አልኩ እንጂ ይሙቱ አልኩ?»

እህቱ ደብሪቱ መለሰች፦ «ኑዛዜ ሞትን ይጠራል። አንተ የጓጓኸው ለመሬቱ ነው!»

«እኔ ለመሬት? አጎቶቻችንን አላየሻቸውም? አያታችን ሳይናዘዙ ሞቱና ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ድንበር ሲካሰሱ አረጁ። ለቅሶ ቤት እንኳ አብረው አይቀመጡም። እኔና አንቺም እንደዚያ እንሁን?»

«አፈ ቅቤ! አባባን ደግፌ የማነሣ እኔ፣ ገላቸውን የማጥብ እኔ። አንተ ከቆላ የምትወጣው ለበዓል ሥጋ ነው!»

አጥናፉ ፊቱ ጠቆረ። ዱላውን አነሣና ወደ ቆላ ወረደ።

አባታቸው አያ ገሠሠ መደብ ላይ ተቀምጠው ሁሉን ይሰማሉ። መናዘዝስ ፈልገዋል። ግን በማን ፊት? ለሽማግሌ ቢናገሩ ለሚስቱ ይነግራል። ሚስቱ ወንዝ ወርዳ ለእንስራ ተሸካሚ ሁሉ ታወራለች። ከዚያም ልጆቻቸው ገና በቁማቸው ድርሻ ድርሻ ሲባባሉ ሊሰሙ ነው። ይህን እያሰቡ ክረምቱ አለፈ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ምርኩዛቸውን ይዘው ብቻቸውን ወጡ። ሲመለሱ ፊታቸው በርቷል።

«ልጄ፣ ተናዘዝኩ» አሏት።

ደብሪቱ ደነገጠች፦ «ለማን?»

«ወሬ ለማያወጡ» አሉና ሳቁ።

ፀሐይ ስትገባ ደብሪቱ በሩን ልትዘጋ ወጣች። አጥሩ ዘንድ ሦስት ሰዎች ቆመዋል። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል።

«ቤት ለእንግዳ፤ ግቡ» አለቻቸው።

አልመለሱም። የራቀ አገር ሰዎች ቢሆኑ ነው ብላ በቅል ውሃ አመጣችና በአንደኛው እጅ ላይ አፈሰሰች። ውሃው መሬት ላይ ፈሰሰ። እጁ ግን አልረጠበም።

ደብሪቱ ቅሉን ጥላ ሮጠች።

በማግሥቱ ሲመሽ ሰዎቹ ከግቢው ጎተራ አጠገብ ቆመው ነበር። በሌላው ምሽት ከጣሪያው ክፈፍ ሥር። ማንንም አይነኩም። ዝም ብለው ቤቱን ያያሉ። እነሱ በቀረቡ ቁጥር የአያ ገሠሠ ትንፋሽ ያጥራል። መጀመሪያ ምርኩዝ መያዝ አቃታቸው። ቀጥሎ ከአልጋ መነሣት አቃታቸው።

ደብሪቱ አልጋው ሥር ተንበርክካ እያለቀሰች ጠየቀች፦ «አባባ፣ እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው?»

አያ ገሠሠ በበሩ ቀዳዳ አዩና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ያ ረጅሙ ሽበሺ ነው። አጠገቡ ቦጋለ። ያ ጎበጥ ያለው ይመር ነው።»

«ሽበሺ? እኔ ልጅ ሳለሁ የሞቱት?»

«አዎ፣ ባልንጀሮቼ። ቤተ ክርስቲያን ወጣሁና መቃብራቸው ላይ ቆሜ ተናዘዝኩ። 'ምስክሮቼ እናንተ ናችሁ፤ ቃሌን ለልጆቼ አድርሱልኝ፤ የምድር የሰማይ አደራ!' አልኳቸው። ሙት ወሬ አያወጣም ብዬ ነው። አደራ ግን እንደሚቀበል አላሰብኩም።»

ደብሪቱ ነገሩ ገባት። የኑዛዜ ምስክር ቃሉን የሚያደርሰው ተናዛዡ ሲሞት ነው። ሰዎቹ የሚጠብቁት የአባቷን ሞት ነው።

እየሮጠች የአባቷ የንስሐ አባት መምሬ ጥበቡ ቤት ደረሰች። መምሬ ሰሙና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አደራ የሚበላ ሕያው ሞልቷል፤ አደራ የሚበላ ሙት ግን የለም። በጸበልም አይሄዱ፣ በልመናም አይሄዱ።»

«ምን ይሻላል አባታችን?»

«ሌላ ኑዛዜ ነው የሚሻለው። እነሱ ሦስት ናቸው፤ ሦስት ሕያዋን ፊት ለፊታቸው ተቀምጠው ቃሉን ይረከቧቸው። አንዱ እኔ ነኝ። ሁለት ፈልጊ። አደራሽን፣ ወራሽ እንዳይሆን። ምስክር የሆነ አይወርስም። የአገሩ ሕግ ነው።»

ደብሪቱ በየቤቱ ዞረች። አንዱ ወገቤን አላት። አንዱ፦ «ላሜ ልትወልድ ነው» አላት፤ ላም የለውም። ጎረቤቷ እማማ ትርንጎ ብቻ ነጠላቸውን አነሡ።

«እኔስ በቅርቡ የምቀላቀላቸው ነኝ። አስቀድሜ ብተዋወቃቸው ምን አለበት?» አሉ።

ሦስተኛ ሰው ጠፋ። ፀሐይዋም አዘቀዘቀች። ወሬው ግን ቆላ ወርዶ ኖሮ፣ አጥናፉ ላብ በላብ ሆኖ ደረሰ። ደብሪቱን አላናገራትም። ገብቶ አባቱ ራስጌ ቆመ።

ጀምበር ስትጠልቅ ሦስቱ ሰዎች የበሩን ደፍ አልፈው ገቡ። እርምጃቸው አይሰማም። በአልጋው አንድ ወገን ተደርድረው ተቀመጡ። ቤቱ እንደ ዋሻ በረደ። መምሬ ጥበቡ መስቀላቸውን ይዘው ከሽበሺ ፊት ለፊት ተቀመጡ። እማማ ትርንጎ ከቦጋለ ፊት ለፊት ተቀመጡ። በይመር ፊት ያለው መቀመጫ ዱካ ባዶ ቀረ።

ይመር ባዶውን ዱካ አየ። ከዚያም ቀስ ብሎ እጁን ዘረጋና የአያ ገሠሠን እግር ያዘ። እግሩ ከጣቱ ጀምሮ አመድ መሰለ። አመዱ ወደ ቁርጭምጭሚት ወጣ። ወደ ጉልበት ወጣ።

መምሬ ጮኹ፦ «ሰው! ሰው አምጡ!»

ደብሪቱ ዱካውን አየችው። ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ ከዚህ ቤት ሌላ ጥግ የላት። እዚያ ከተቀመጠች ከአባቷ ሞት በኋላ ነጠላዋን ብቻ ይዛ ልትወጣ ነው። ግን አባቷን አየቻቸው። ከዚያም ተነሣች።

ነጠላዋን ከኋላ አንድ እጅ ያዘው። አጥናፉ ነበር። ወደ ኋላ ሳባትና አልፏት ሄዶ ዱካው ላይ ተቀመጠ።

«አጥናፉ፣ የምታደርገውን ታውቃለህ?» አሉ መምሬ።

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ዓይኑን ከይመር ላይ አልነቀለም።

አያ ገሠሠ በቀጭን ድምፅ ተናገሩ፦ «ለሙታን የነገርኳቸው፣ ቤቱም እርሻውም ለሁለቱ ልጆቼ እኩል ይሁን ብዬ ነበር። አሁን ልጄ ምስክር ሆነብኝ። ያን ቃል ሽሬዋለሁ። ቤቱም እርሻውም ለደብሪቱ ይሁን።»

«ከዚህ ቃል የወጣ ርጉም ይሁን» አሉ መምሬ።

«ይሁን» አሉ እማማ ትርንጎ።

«ይሁን» አለ አጥናፉ።

ይመር እጁን አነሣ። ሦስቱ ሰዎች ቆሙና አንድ በአንድ ጎንበስ እያሉ በሩን አልፈው ወጡ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚወስደው አቀበት ላይ ጋቢያቸው ትንሽ ታየና ጠፋ። የአያ ገሠሠ እግር ደም ተመለሰበት። እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ትንፋሻቸውም ተስተካከለ።

ደብሪቱ ወደ ወንድሟ ዞረች።

«ወንድም ዓለም፣ ያን ቀን ያልኩህን... ግማሹን እኔው እሰጥሃለሁ። ቤቱ ያንተም ነው። እባክህ አንድ ነገር በለኝ።»

አጥናፉ ከዱካው ተነሣ። የተኙትን የአባቱን ጉልበት ሳመ። ደብሪቱ መንገዱ ላይ ቆማ ነበርና ዞሯት አለፈ። ዱላውን ከግድግዳው አንሥቶ ወጣ።

«አጥናፉ!» ብላ ተጣራች።

የቆላውን መንገድ ያዘ። ዞር አላለም፤ አንድ ቃልም አልተናገረ።

ተረቴ እዚህ አበቃ፣
ዳቦ የያዘ ይንቃ፤
አንድ ጉርሻ ለአፌ፣ አንድ ዋንጫ ለጉሮሮዬ፣
ከዚያ ወዲያ በቃ!