ከቤቱ የሚበልጠው ፎቶ

አንዲት አፏ የማያርፍ ሽንኩርት ነጋዴ አምና ለቤቷ የመብራት ቆጣሪ እንዲገባላት አመለከተች። የመብራት ኃይል ቢሮው ኃላፊ ራሳቸው መጥተው ቤቱን በሜትር ለኩና፣ «ይሄማ ቤት አይባልም! ለቆጣሪ በጣም ትንሽ ነው» ብለዋት ሄዱ።

ዘንድሮ ደግሞ ማመልከቻው በኢንተርኔት ብቻ ሆነ፤ ቅጹ ላይም የቤቱን ፎቶ መጫን ግድ ነው ተባለ። ሦስት ቀን ሞክራ አልቀበል ሲላት ስልኳን ይዛ ቢሯቸው ገባች። ኃላፊው መነጽራቸውን አስተካክለው አዩና፣ ባለጉዳዩ ሁሉ እየሰማ፣ «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው። ሲስተሙ አይችለውም፤ አሳንሰሽ ተመለሽ» አሏት።

«ጌታዬ፣ አምና ቤትሽ ትንሽ ነው ብለው ከለከሉኝ፤ ዛሬ ፎቶው ትልቅ ነው ብለው መለሱኝ» አለች። «እንግዲያውስ ቆጣሪውን ፎቶው ላይ ይግጠሙልኝ፤ ልጆቼን ይዤ እዚያው እገባለሁ። ቤቱን እርስዎ ይውሰዱትና ሲስተሙ ውስጥ ያስገቡት።»